ቅማል ራሷን ከጀርም እንዴት እንደምትከላከልና ከዚህ የምናገኘው ትምህርት



ስለ ቅማል ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ማሳከኳንና ማሳፈሯን ነው። እርሷም እንደ ሰው በጀርም የምትጠቃ ፍጥረት መሆኗን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። በዚህ ወር ትምህርታችን ደም መጣጭ ተባዮች ራሳቸውን ከጀርም የሚከላከሉበትን መንገድ ከገለጽን በኋላ፥ ይህ ዕውቀት ለቂርቆስና ለካዛንቺስ ነዋሪዎች የሚሰጠውን ጥቅም እናስረዳለን።

፩. የተባይ አካል ምሽጎች

ደም የሚመጥ ተባይ በደሙ ውስጥ ያለውን ጀርም አብሮ ይውጣል። ስለዚህ ሦስት ዓይነት ምሽግ አለው። የመጀመሪያው ከውጭ የሚሸፍነው ጠንካራ ቅርፊት ነው። ሁለተኛው አንጀቱ ነው፤ በዚያ ያለው ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ብዙውን ጀርም ይገድላል። የወባ ትንኝ አንጀትማ የጠጣችውን ደም በስስ ሽፋን ይጠቀልለዋል። ሦስተኛው ምሽግ በአካሉ ውስጥ እንደ ደም የሚዘዋወረው ፈሳሽ ነው፤ በውስጡ ጀርም የሚውጡ ሴሎችና ጀርም የሚገድሉ ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ። አንዳንድ ጊዜ ትንኟ የወባውን ተሐዋሲ በጥቁር ልባስ ሸፍና ትገድለዋለች።

ትንኝ ከምትውጣቸው የወባ ተሐዋስያን የሚበዙት በአንጀቷ ውስጥ ይሞታሉ። ይሁን እንጂ የሚተርፉት ጥቂቶች በሽታውን ለማስተላለፍ ይበቃሉና፥ የትንኟ መከላከያ ቆላ ወርዶ የሚያድረውን ሰው ከወባ አላዳነውም።

፪. የቅማል መከላከያ ደካማ መሆኑ

የልብስ ቅማል ምግቧ የሰው ደም ብቻ ነው። የጤነኛ ሰው ደም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጀርም ንጹሕ ነው። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2010 የቅማልን የጂኖች ዝርዝር ሙሉ በሙሉ አንብበው ባሳተሙ ጊዜ፥ ለመከላከያ የሚያገለግሉ ጂኖቿ ከሌሎች ነፍሳት ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። እንደ ትንኝ ደሙን የሚጠቀልል ሽፋንም የላትም። የዚህ ድካም ውጤት በሁለት በሽታዎች ይታያል።

ሀ) ተስቦ (ታይፈስ)። ጀርሙ በቅማሏ የአንጀት ሴሎች ውስጥ ገብቶ እየተራባ ያፈነዳቸዋል። የጠጣችው ደም ወደ አካሏ ስለሚፈስ ቀልታ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ትሞታለች። ከመሞቷ በፊት ግን ጀርሙን ከዓይነ ምድሯ ጋር ትጥላለች፤ ሰውየውም ሲያክክ ወደ ቆዳው ያስገባዋል። ቅማል ተስቦን እንደምታስተላልፍ እ.ኤ.አ. በ1909 በቱኒስ ያስረዳው ሐኪም ሻርል ኒኮል በ1928 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ለ) የትኩሳት ግርሻ። ይህ ጀርም አንጀቷን ሰንጥቆ በአካሏ ፈሳሽ ውስጥ ይራባል። መከላከያዋ ሊያጠፋው ስለማይችል፥ ሳትታመም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ተሸክማው ትኖራለች። ሆኖም ጀርሙ ወደ ምራቅ ዕጢዎቿ አይገባምና በንክሻዋ አይተላለፍም። በዋነኛነት የሚወጣው እርሷ በተጨፈለቀች ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ፈሳሹ በተጫረ ቆዳ፥ በአፍ ወይም በዓይን በኩል ወደ ሰው ይገባል። እንግዲህ ለጀርሙ በር የሚከፍትለት የገዛ ጥፍራችን ነው።

፫. በሰፈራችን ያለው አደጋ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት ሌሊቷ ብርድ ነው። ልብስ ደርቦ፥ ተጠጋግቶ ማደር ለቅማል ይመቻታል። ጦርነቱ ባበቃበት በ1983 ዓ.ም. የቀድሞ ወታደሮች በተከማቹባቸው ካምፖች የትኩሳት ግርሻ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ዛሬም ከየገጠሩ የመጡ የቀን ሠራተኞች በአንድ ክፍል ተደራርበው በሚያድሩበት፥ ቤት የሌላቸውም በየበረንዳው በሚተኙበት ስፍራ ሁሉ ያው ምክንያት አለ። በተለይም ቅማል በትኩሳት የሚነድ ገላ ስለማይስማማት በሽተኛውን ትታ ወደ ጎረቤቱ ትሄዳለች።

ብዙ ሰው ገላውን በመታጠብ ብቻ የሚድን ይመስለዋል። ነገር ግን የልብስ ቅማል የምትኖረውና ቅጫሟን የምትጥለው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ፍል ውሃ ወርዶ ታጥቦ ያንኑ ልብስ መልሶ የሚለብስ ሰው ቅማሉን መልሶ ለበሰ።

፬. ልናደርገው የሚገባን

ሀ) ቅማልን በጥፍር ወይም በጥርስ አንጨፍልቅ። ልጆቻችንንም ይህን እናስተምር።

ለ) ልብስን እንቀቅል፥ ወይም ቢያንስ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ እንጠብ፤ ከደረቀ በኋላም ስፌቱን በጋለ ካውያ እንተኩስ።

ሐ) የማይታጠበውን ካፖርትና ብርድ ልብስ በላስቲክ ከረጢት አጥብቀን አስረን 2 ሳምንት እናቆይ። ቅማል ያለ ደም ከአንድ ሳምንት ያህል በላይ አትኖርም፤ ከቅጫሙ የሚፈለፈሉትም በረኃብ ያልቃሉ።

መ) ድንገት በብርድ ብርድና በራስ ምታት የሚጀምር፥ ለጥቂት ቀናት ትቶ የሚመለስ ትኩሳት ያለበት ሰው ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድና ደሙን ይመርመር። መድኃኒቱ ጀርሙን ባንድ ጊዜ ሲገድል ኃይለኛ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ስለሚያስከትል፥ በሐኪም ጥበቃ ሥር እንጂ በቤት አይወሰድም።

ቅማል የያዘውን ሰው የሚያፍርበት ጎረቤት ካለ በሽታው ተደብቆ ይስፋፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ወገናችንን ከመሸሽ ይልቅ የሚቀይረውን ልብስና የሚቀቅልበትን ውሃ እንድንሰጠው እናሳስባለን።