ለወንድሜ ልጅ፣ ስለ ሕፃኑ ኩላሊት

የሕፃኑ ኩላሊት ውሃ በቋጠሩ ከረጢቶች ተሞልቷል ከተባለ ወዲህ መካሪሽ እንደበዛ ሰምቻለሁ። ዕድሜዬን በሕፃናት ክፍል ነርስነት ጨርሻለሁና እኔም ልጨምርበት።

1. ጥፋተኛ አትፈልጊ። አማትሽ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ቢሉ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የዚህ በሽታ በሕፃንነት የሚብሰው ዓይነት የሚመጣው ፒኬኤችዲ1 የተባለው ዘረ መል ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ ሲወረስ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ሰው ሳያውቀው ወልዶ ያረጃል፤ ከ70 ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ያለ ተሸካሚ እንደሆነ ይገመታል። ሰባት ቤት መቁጠራችሁ ደግ ነው፤ የዘመዳሞች ጋብቻ አደጋውን ይጨምራልና። ግን ባዕዳንም ይገጣጠማሉ። በእርግዝናሽ የበላሽውም የደነገጥሽውም ምክንያት አይደለም።

2. «አንዱ ከታመመ ቀጣዮቹ ሦስት ጤነኞች ይሆናሉ» የሚልሽን አትስሚ። ከአራት አንድ የሚባለው የመታመም ዕድል በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይጀምራል። ሌላ ልጅ ሳታስቡ ሁለታችሁም ሐኪም አማክሩ። በአልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ስለሆነ፣ ቀደም ብሎ «ደህና ነው» መባሉ ዋስትና አይሆንም። የእንሽርት ውሃ አብዛኛው የፅንሱ ሽንት ነው፤ ኩላሊቱ ሲደክም ውሃው ያንሳል፣ ውሃው ሲያንስ ሳንባው በወጉ አያድግም። ብዙዎቹ ገና ሲወለዱ የሚፈተኑት በትንፋሽ የሆነው ለዚህ ነው። ያንቺ ልጅ የመጀመሪያውን ወር ተሻግሯል፤ ያን ወር ካለፉት አብዛኞቹ ያድጋሉ።

3. ደም ግፊቱን ከኩላሊቱ እኩል ፍሪው። በዚህ በሽታ ግፊት ገና በጨቅላነት ይጀምራል፣ ኩላሊቱንም ልቡንም ይጎዳል። ስትሄጂ ለክንዱ ልክ በሆነ መጠቅለያ እንዲለኩት ጠይቂ፤ ሰፊው የአዋቂ መጠቅለያ ግፊቱን አሳንሶ ያሳያል። አታፍሪ፣ እኛ ነርሶች እንቸኩላለን።

4. ጉበቱ ይረሳል። ሲወለድ ጀምሮ የሐሞት ቱቦዎቹ የተዛቡ ናቸው፤ ከዓመታት በኋላ በጉበቱ ላይ የሚፈጠረው ጠባሳ የደም ሥሮችን ያስጨንቃል። ደም ቢያስመልስ ወይም ሰገራው ቢጠቁር ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጂው። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሲይዘው የጉበቱን ነገር አንቺው አስታውሺያቸው፤ የሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

5. አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አትስጪው። ሥራ ሥሩም ይቅር። ጠበሉን አልከለክልሽም፤ መድኃኒቱን አቁሚ የሚልሽን ግን አትስሚ። ትርፍ ውሃ ማስወጣት ለኩላሊቱ ሊከብደው ስለሚችል፣ ምን ያህል መጠጣት እንዳለበት ሐኪሙ ይንገርሽ።

6. የተነፋው ኩላሊት ሆዱን ይገፋዋል። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ አጥቢው።

7. ስለ ንቅለ ተከላ አሁን አትጨነቂ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ የሕፃን ግን ራሱን የቻለ ሙያ ይጠይቃል። በሽታው በአዲሱ ኩላሊት ላይ አይመለስም፣ የጉበቱ ክትትል ግን ይቀጥላል። ለጊዜው አንድ ደብተር ግዢ፤ ክብደቱን፣ ግፊቱንና የመድኃኒቱን መጠን በየቀጠሮው ጻፊበት።