የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጉዳት ሲያደርስ ኃላፊው ማን ነው?

ዛሬ የአስመጪው የዕቃ መዝገብ፥ የላኪው ሰነድና የባለሱቁ ሒሳብ በኮምፒዩተር የሚያዝ ስለ ሆነ፥ ኮምፒዩተር ሲቆም ንግዱም ይቆማል። ስለዚህ ከአንዱ የተገዛ ፕሮግራም ከሌላው የተገዛውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢያሰናክል ኪሣራው በማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ማወቅ ለነጋዴ ሁሉ ይጠቅማል።

ለዚህ ትምህርት የሚሆነን ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የደረሰው ነገር ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለደንበኞቹ የኮምፒዩተር መጠበቂያ ፕሮግራም ይሸጣል። በዚያ ቀን ስሕተት ያለበት ማሻሻያ ላከ፤ ያነሣውም ከ78 ደቂቃ በኋላ ነበር። ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ተሰናከሉ። ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት የሚዘጋው ራሱ ብቻ ነው፤ ይህ ግን ለጥበቃ ሲባል እስከ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት እንዲገባ የተፈቀደለት በመሆኑ፥ ሲወድቅ ኮምፒዩተሩን ይዞ ወደቀ። ብዙዎቹም የተጠገኑት ሠራተኛ እየቀረበ አንድ በአንድ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? በመስኮቱ ላይ የታየው የዊንዶውስ ሰማያዊ ገጽ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ማይክሮሶፍትን ወቀሰ። ነገር ግን ማሻሻያው የማይክሮሶፍት አልነበረም፤ ክራውድስትራይክም ስሕተቱ የራሱ መሆኑን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ሆኖም ጥፋትን ማመን ሌላ፥ ካሣ መክፈል ሌላ ነው። 7,000 ያህል በረራዎች የሰረዘው የዴልታ አየር መንገድ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በጆርጂያ ክስ መሠረተ፤ ኩባንያው ግን ኃላፊነቴ በውላችን የተወሰነ ነው ሲል ተከራከረ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ዳኛዋ የክሱ አብዛኛው ክፍል እንዲቀጥል ፈቀዱ።

በአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ተዋዋዮቹን እንደ ሕግ እንደሚያስገድድ ይደነግጋል። ስለዚህ ነጋዴው ሦስት ነገር ያስብ። አንደኛ፥ ከመፈረሙ ወይም «እስማማለሁ» የሚለውን ከመጫኑ በፊት ሻጩ ለጉዳት እስከ ስንት ብር ኃላፊ እንደሚሆን ያንብብ። ሁለተኛ፥ ማሻሻያ በሁሉ ላይ ከመዋሉ በፊት በአንድ ኮምፒዩተር እንዲሞከር፥ ብልሽትም ቢደርስ ማን በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚጠግን በውሉ ያስገባ። ሦስተኛ፥ የመዝገቡን ግልባጭ በሌላ ስፍራ ያኑር። የካሣ ክርክር ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ሱቅ ግን በማግሥቱ መከፈት አለበት።