ቅያሳቸውን ያጸዱ ጎረቤቶች

በፓኪስታን አገር በባሕር አጠገብ ካራቺ የሚባል እጅግ ታላቅ ከተማ አለ። በሰሜን ምዕራብ በኩልም ኦራንጊ የሚሉት ሰፈር ይገኛል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. ምሥራቅ ፓኪስታን ተለይታ ባንግላዴሽ የተባለች ጊዜ፥ ብዙ ስደተኞች ወደዚህ ሰፈር መጥተው ተቀመጡ። (ከዚህ በታች ያለውም ዓመት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው።) ድኾች ስለ ነበሩ ቤታቸውን በገዛ ገንዘባቸው ጥቂት በጥቂት ሠሩ።

ቤቱስ ተሠራ፤ ነገር ግን እድፉ የሚወርድበት ቦይ አልነበረም። አንዳንዱ በባልዲ ይጠቀማል፤ ሌላው በደጁ ጕድጓድ ይቈፍራል፤ ጕድጓዱም ሞልቶ ይገነፍላል። የወጥ ቤቱ እጣቢ ሁሉ በጠባቡ ቅያስ መካከል ይፈስ ነበር። ልጆችም በዚያ ውሃ ውስጥ እየተራመዱ ይጫወቱ ነበርና ተቅማጥና ተስቦ አይለያቸውም ነበር።

በ1980 ዓ.ም. አክታር ሐሚድ ኻን የሚባል ሽማግሌ ወደ ኦራንጊ መጣ። ይህ ሰው በወጣትነቱ፥ እንግሊዞች ህንድን ይገዙ በነበረበት ዘመን፥ ታላቅ ሹመት ነበረው፤ ሹመቱን ግን ትቶ ጥቂት ጊዜ ቍልፍ እየሠራ ኖረ። ወደ ሰፈሩም በመጣ ጊዜ ገንዘብ አላደለም፤ በየቅያሱ እየዞረ ሰዎቹን ችግራቸው ምን እንደ ሆነ ጠየቃቸው። እነርሱም ከብዙ ነገር ጋራ የፍሳሹን ነገር ነገሩት፤ ዳሩ ግን ቦይ መሥራት የመንግሥት ሥራ ነው፥ ያለ ዋጋም ሊሠራልን ይገባል ብለው ያምኑ ነበር። አሳባቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ነገር ግን ሲጠብቁ ብዙ ዓመት አልፏል።

ልጆች ሆይ፥ እስቲ ነገሩን አስቡት። አንድ ሰው ብቻውን መጸዳጃ ቤት ቢሠራ ፍሳሹን ወዴት ይሰደዋል? በጎረቤቱ ደጅ ካላለፈ መሄጃ የለውም። የላይኛው ቤት ቢከፍልና የታችኛው እንቢ ቢል ሥራው በመካከል ይቆማል። ስለዚህ ሽማግሌው በቅያስ ቅያስ ይሁን አለ። በአንድ ቅያስ 20 ወይም 30 ቤት ይኖራል፤ እነዚህ ሰዎች ፊት ለፊት ይተዋወቃሉ። ከመካከላቸው አንድ አለቃ ይመርጣሉ፤ እርሱም ከየቤቱ ገንዘብ ይሰበስባል። የሽማግሌው ባልደረቦች ገንዘቡን በእጃቸው አይነኩም ነበር። የእነርሱ ሥራ መሬቱ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ መለካት፥ ካርታ መንሣት፥ ወጪውን ማስላትና መሣሪያ ማዋስ ነበር። ይህ እጅግ ብልኅ አሠራር ይመስለኛል፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋራ የሚጣላው ብዙ ጊዜ በገንዘብ ነውና። ጠብ በተነሣ ጊዜም የቅያሱ ሰዎች እስኪታረቁ ድረስ ሥራው ይቆያል እንጂ ከውጭ መጥቶ የሚፈርድ አልነበረም።

መዠመሪያ ላይ ሁሉ አልሰመረም። ሰዎቹ ሲሚንቶ አቡክተው ከገረፉት በኋላ ውሃ ሳያጠጡት ይተዉት ነበርና ተሰነጠቀ። ስለዚህ የአሠራሩ ትምህርት እንደ ገና ተሰጠ። ደግሞ ከየመጸዳጃው ቀጥሎ ትንሽ የሲሚንቶ ገንዳ አኖሩ፤ ወፍራሙ እድፍ በዚያ ይቀርና ውሃው ብቻ ወደ ቧንቧው ይወርዳል፤ ቧንቧውም አይደፈንም። ሥራ ተቋራጭ ስለሌለበት ለመጸዳጃ ቤቱና ለቅያሱ ቧንቧ በመዠመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ቤት የሚያወጣው 1000 ሩፒ ያህል ነበር። መንግሥት ቢያሠራው ኖሮ ዋጋው እጅግ በበለጠ ነበር።

የአንዱ ቅያስ መድረቅ በታየ ጊዜ ሁለተኛው ቀና፤ ሦስተኛውም ተከተለ። እንዲህ እየሆነ ከ90 ሺህ የሚበልጡ ቤቶች በገዛ ገንዘባቸው ቧንቧ አገቡ። ቧንቧዎቹ ሁሉ የሚገናኙባቸውን ታላላቆቹን መውረጃዎች መሥራት ግን ከጎረቤት ዐቅም በላይ ስለ ሆነ ለመንግሥት ቀረ።

አክታር ሐሚድ ኻን በ1999 ዓ.ም. ዐረፈ። ከእርሱ ጋራ ትሠራ የነበረች ፐርቪን ረሕማን የምትባል የሕንፃ ዐዋቂ ሥራውን ይዛ ቀጠለች። እርስዋም የሰፈሩን ወጣቶች እያስተማረች የየድኻ መንደሩን መሬትና የውሃውን መንገድ በካርታ ታሠፍር ነበር። ካርታው መሬቱ የማን እንደ ሆነ ስለሚያሳይ፥ ሊቀሙት ለሚፈልጉ ሰዎች ደስ አላሰኛቸውም። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ከሥራ ወደ ቤትዋ ስትመለስ በመንገድ ላይ ተገደለች። ወጣቶቹ የነሡት ካርታ ግን አልጠፋም፤ ከተማዪቱም ታላላቆቹን መውረጃዎች ባሠራች ጊዜ በእርሱ ተጠቅማለች።