ቁልቁለቱን ሳትጀምር፦ ስለ ኋላ ዲፈረንሻል ዘይት ምክር

ልጄ፣ ያቺን አሮጌ ላንድሮቨር ገዝተህ ለዘመድ ጥየቃ ወደ መንዝና ወደ መርሐቤቴ ልትሄድባት መነሣትህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ስለ ሞተሯ ብዙ አጫወትኸኝ። የኋላ ዲፈረንሻሏ ዘይት መቼ እንደ ተቀየረ ስጠይቅህ ግን አንተም አታውቅም፣ የሸጠልህም ሰው አልነገረህም። እንግዲያው አልተቀየረም ብለህ ቁጠረው። ሥራው ከግማሽ ቀን አያልፍም። በዚያች መኪና ገደል ዳር የምትሄደው አንተ ነህና፣ ለሌላ ሰው ሰጥተህ ሻይ ቤት ከምትቀመጥ በገዛ እጅህ ብትሠራው እመርጣለሁ። ዕድሜዬን በጋራዥ ስላሳለፍሁ የማውቀውን በተራ በተራ ጽፌልሃለሁ።

1. የምትነካውን ዕቃ አስቀድመህ ዕወቀው። ካርዳኑ ከካምቢዮ ተቀብሎ ያመጣውን ዙር ፒኞው ለኮሮናው ይሰጠዋል፤ ኮሮናው በተራው በሳተላይቶቹ በኩል ለግራና ለቀኝ ሰሚያስ ያካፍለዋል። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ ሁለቱ ጎማዎች በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው ይህ ዕቃ ነው። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔኬር እ.ኤ.አ. በ1828 ያስመዘገበው አሠራር እስከ ዛሬ መሠረቱ አልተለወጠም። ባንተ መኪና ካርዳኑ 4.7 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ብቻ ይዞራል። ዳገት ላይ የመኪናዋ ክብደትና የጫንኸው ገብስ ሁሉ በጥቂት የብረት ጥርሶች ላይ ያርፋል፤ ጥርስን ከጥርስ የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ሞተር የዘይት ፓምፕ አለው፣ ፊልትሮ አለው፣ ዘይት ሲጎድል የሚበራ መብራት አለው። ዲፈረንሻል ከሦስቱ አንዱም የለውም። የተፋቀው ብረት እዚያው ዘይቱ ውስጥ ይከማቻል፤ የሚወጣውም አንተ ስታፈስሰው ብቻ ነው።

2. ለዚህ ሥራ መኪናዋን በክሪክ አታንሣ። ይህን አጥብቄ የምነግርህ ሰው ስለሚሞትበት ነው። የአሮጌ ላንድሮቨር የእጅ ፍሬን እንደ ሌሎች መኪኖች የኋላ ጎማዎቹን አይዝም፤ የሚይዘው ካርዳኑን ነው፣ ከካምቢዮው ጀርባ በተቀመጠ ታምቡር። አንዱን የኋላ ጎማ ካነሣህ፣ ካርዳኑ ተይዞም ቢሆን፣ የተንጠለጠለው ጎማ ወደ አንድ ወገን መሬት ያለው ወደ ሌላ ወገን መዞር ይችላሉ። ዲፈረንሻል ማለት ይኸው ነውና። መኪናዋ የእጅ ፍሬን እንደ ተሳበ ትንከባለላለች፣ አንተም ከሥሯ ነህ። ደግነቱ ከመሬት ከፍ ያለች ናት፤ አራቱም ጎማዎች መሬት እንደ ረገጡ ሰው ከሥሯ ይገባል። ሜዳ ፈልግ፣ ማርሽ አስገባ፣ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ወይም በትልቅ ድንጋይ ያዝ። ሜዳው ዘይቱንም ለመለካት ያስፈልግሃል፤ ያዘነበለች መኪና ልኩን ታሳስትሃለች።

3. ዘይቱን አሙቀው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተህ ስትመለስ ይቀጥናል፤ ከታች የረጋውንም ቆሻሻ ይዞት ይወጣል። ከዚያ ከማፍሰሻው ብሎን በፊት መሙያውን ክፈት። መሙያው በዝገት ተጣብቆ እምቢ ካለህና አስቀድመህ ዘይቱን አፍስሰህ ከሆነ፣ ባዶ ዲፈረንሻል ይዘህ መንገድ ላይ ቀርተሃል ማለት ነው። ልኩ የሆነ ቁልፍ ተጠቀም። የብሎን ራስ በፒንሳና በመዶሻ የተበላሸባቸውን መኪኖች ሳይ አሁንም ያናድደኛል፤ ከሰው ስንፍና ሌላ ምክንያት የለውም።

4. የወጣውን ዘይት ሳታነበው አትድፋ። በንጹሕ ሳፋ ተቀበለው፣ ወደ ፀሐይ አውጣው፣ በሁለት ጣትህ መካከል አሸው። ጥቁር ሆኖ የሚያሟልጭ ከሆነ አርጅቷል እንጂ ሌላ ችግር የለበትም። ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ሳፋው ውስጥ ብታዞርበት ግራጫ ጭቃ ይሰበስባል። እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ የዕድሜ ፍቅፋቂ ነውና አትደንግጥ፤ ጣት የሚወጋ ስንጣሪ ከሆነ ግን ኩሽኔታ ወይም ጥርስ እየሄደ ነው፤ አዲስ ዘይት አያድነውም፣ ክዳኑ ይከፈት። ወተት እንደ ገባበት ቡና የነጣ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። የሚያጉረመርም ዲፈረንሻል ያለው መኪና የሚሸጥ ሰው በጣም ወፍራም ዘይት ይሞላበታል፤ የባሰው ደግሞ ሰጋቱራ ይጨምርበታል። ድምፁ ለጥቂት ቀን ይጠፋል። ሰጋቱራው ዘይት መጥጦ ኩሽኔታዎቹን ያስርባል፣ ገዢውም አገር ርቆ ሳለ ይፈርሳል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው የሌላ ሰው ልጆች በዚያ መኪና እንደሚሳፈሩ ሊያስብ ይገባው ነበር። በሳፋህ ላይ የእንጨት ብናኝ ካየህ ውስጡን በናፍታ እስኪጠራ አሳጥበው፣ ናፍታው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ጠብቅ፣ ከዚያም ድምፁን እንደ አዲስ አዳምጥ። ጋዝ ስትሰጥ ብቻ የሚጮህና ጋዝ ስትለቅ ብቻ የሚጮህ የተለያዩ ናቸው፤ ለሚከፍተው መካኒክ የትኛው እንደሆነ ብትነግረው ሥራውን ታቀልለታለህ።

5. መተንፈሻውን አጽዳ። ከአክሱሉ አናት ላይ ትንሽ ብሎን የመሰለች ቀዳዳ ያላት ነገር ታገኛለህ፤ ብዙ ሰው መኖሯንም አያውቅም። ጥቅሟን ልንገርህ። ክረምት ላይ ዳገት ወጥተህ አክሱሉ ግሏል እንበል፤ በውስጡ ያለው አየርም ተለጥጧል። ወዲያው ወንዝ ስታቋርጥ ቀዝቃዛው ውኃ ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፣ አየሩም ይኮማተርና ከውጭ ይስባል። መተንፈሻዋ ክፍት ከሆነች የሚገባው በአብዛኛው አየር ነው። በጭቃ ከተደፈነች ግን ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው ቀለበት፣ በፓራኦሊዮው ጠርዝ በኩል ውኃ ይሳባል። ውኃ የገባበት ዘይት ሽፋኑ ይበጠሳል፣ መኪናዋ ቆማ ባደረች ቁጥርም ኩሽኔታው ይዝጋል። የመንዝ መንገድ በሐምሌና በነሐሴ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። ስለዚህ መቀየሪያው ጊዜ ክረምት እንደ ወጣ፣ ከመስቀል በኋላ ይሁን። ደህና አስፋልት ላይ የምትኖር መኪና በየ40,000 ኪሎ ሜትር ቢቀየርላት ይበቃታል፤ ላንተዋ ግን በየ20,000ው፣ ካልሞላም በዓመት አንዴ እላለሁ። ወንዝ ውስጥ ቆማ የቆየች እንደሆነ ደግሞ ኪሎ ሜትር አትጠብቅ።

6. የዘይቱን ዓይነት ሰው ስለ ነገረህ አትግዛ። ላንተ መኪና 90 ቁጥር ኢፒ ዘይት ነው። የፊያት 124 ቤተሰብ የሆኑት፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የተሠራችው ላዳና ሸራ ጣሪያ ያላት ስፖርት መኪና 124 ስፓይደር፣ ፒኞአቸው ከኮሮናው መሃል ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ጥርሳቸው እየተንሸራተተ ይፋተጋል፤ ስለዚህ ጠንካራውን ጂኤል-5 የሚባለውን ይፈልጋሉ። የላዳዋ ልክ 1.3 ሊትር ነው። ፔጆ 404 ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው፦ ብሎን የመሰለ ዘንግ የነሐስ ጥርስ ያዞራል፤ ፋብሪካው ያዘዘለት በጉሎ ዘይት ላይ የተመሠረተ የራሱ ዘይት ነበር። ጂኤል-5 ውስጥ ያለው ድኝ ነሐስን ይበላል። በዚሁ ምክንያት ከዲፈረንሻል የተረፈህን ዘይት ካምቢዮ ውስጥ አትጨምር፤ የካምቢዮ ሲንክሮ ቀለበቶች ብዙ ጊዜ የነሐስ ናቸው።

አንዳንድ ሾፌር ወፍራም ይሻላል ብሎ 140 ያስሞላሃል። ለቆላ ጭነት መኪና ይሁን። የመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ውርጭ ይነጣባታል። በዚያ ብርድ 140 ዘይት ይረጋል፤ ጥርሱ መሃሉን ቦይ ሰርስሮበት ያልፋል፣ ዘይቱ ግን ተመልሶ አይሞላውም። መኪናዋ እስክትሞቅ ድረስ ብረት ከብረት ይፋተጋል። 90 ቁጥሩም ቢሆን ጧት ቀስ ብለህ የምትነሣበት ነው።

7. ከመሙያው አፍ አታሳልፍ። ማፍሰሻውን በአዲስ የመዳብ ሮንዴላ ዝጋ፤ ዘይቱን በቱቦና በእጅ ፓምፕ ሙላ። ደጋ ላይ ከሆንህ ጣሳውን አስቀድመህ ሙቅ ውኃ ውስጥ አቁመው፣ አለዚያ ምሽቱን ሁሉ ስትስብ ታመሻለህ። አጭሩ ላንድሮቨር 1.7 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ 109 የሚባለው ረጅሙ፣ ትልቁ አክሱል ያለው የኋለኛው ዓይነት ከሆነ፣ 2.5 ሊትር ነው። ቁጥሩን ግን አትመን፤ ከመሙያው አፍ ጠብ ማለት ሲጀምር ቁም፣ መፍሰሱ እስኪያቆም ጠብቅና ዝጋ።

«ትንሽ ቢተርፍ አይጎዳም» የሚልህን አትስማ። የተረፈው ዘይት ሲግል መውጫ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም በሰሚያሶቹ ጫፍ ያለውን ፓራኦሊዮ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የፍሬን ሸራ ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ አይዝም። ይህ ሜዳ ላይ ላይታወቅህ ይችላል። ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ ስትወርድ ግን ታውቀዋለህ፦ መንገዱ ወንዙ ጋ እስኪደርስ ድረስ 1,000 ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ሙቀቱ በየመታጠፊያው ይጨምራል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ፍሬኑም ይግላል። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድም ያው ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነሥተህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። ስለ ዲፈረንሻል ዘይት ይህን ያህል የጻፍሁልህ በዚህ ምክንያት ነው፤ ነገሩ ከጥርስ ዕድሜ አልፎ የፍሬን ጉዳይ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልቁለት በፊት ውረድና የኋላ ጎማዎቹን የውስጥ ገጽ ተመልከት። እርጥብ መስመር ወደ ጎማው የወረደ ካየህ አትውረድ። ታምቡሩ ተከፍቶ ፓራኦሊዮውም ሸራውም ይቀየር፤ ሸራውን በቤንዚን አጥቦ መመለስ ማታለል ነው። ደህና ከሆነም በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሞተር ተይዘህ ውረድ።

8. የወጣውን ዘይት መሬት ላይ አትድፋ። በተለይ መንዝ ላይ ይህን ብታደርግ አዝንብሃለሁ። የጌራ ምድር ሰው ከቀደምት አባቶቹ ከአስቦና ከጌራ ዘመን ጀምሮ ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድር ቄሮ በሚሉት የጋራ ሥርዓት ሲጠብቅ የኖረ ነው፤ ሣሩ የሚታጨድበት ጊዜ እስኪደርስ ዓመታት ይዘጋ ነበር፣ የጣሰውም ይቀጣ ነበር። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ዛሬም እዚያ የሚታዩት ስለተጠበቀ ነው። ከዚያ ደጋ የሚነሣው ውኃ በአንድ ወገን ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ዘይቱን በጀሪካን አድርገህ ክዳኑን ግጠም፣ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ስትመለስ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጥ።

9. ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድህ በኋላ ሁለቱን ብሎኖች በእጅህ ዳስስ፤ ላብ ካላቸው በልኩ አጥብቅ። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በደብተር ጻፍ፤ ከአንተ በኋላ የሚይዛትም ሰው ያገኘዋል። ላንድሮቨር የፊትም ዲፈረንሻል አላት፣ በፊት ጎማዎቹ ማጠፊያ ላይ ያሉት ሁለት ኳሶችም የየራሳቸው ዘይት አላቸው፤ የኋላውን ጨርሰህ እጅህን ሳትታጠብ እነሱንም ክፈታቸው።