ሃይላንድ፣ ቅልና በረባሶ፦ ዕቃው ሥራውን ሲጨርስ የት ይሄዳል?



ከኮንሶ ወደ ጂንካ ስንጓዝ መኪናው ቁልቁለቱን ጨርሶ ወይጦ ሲደርስ ሙቀቱ ይቀበለናል። ያኔ ሁላችንም እጅ ላይ ሃይላንድ አለ። ስንጨርሰው መንገድ ዳር ያሉ ልጆች ባዶውን እንድንሰጣቸው ይጮሃሉ፤ ለእኛ ቆሻሻ የሆነው ለእነሱ ቤት የውሃ መያዣ ነው። (ሃይላንድ ድሮ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ አሁን የላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ስም ሆኗል።)

ዊሊያም ማክዶና የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክትና ሚካኤል ብራውንጋርት የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ አንድ ዕቃ ሥራውን ሲጨርስ ሁለት ጥሩ መንገድ አለው ይላሉ፦ ወይ በስብሶ ወደ አፈር፣ ወይ ተመልሶ ወደ ፋብሪካ። ችግር የሚመጣው ሁለቱን ዓይነት ቁስ ላይለያይ አጣብቀን ስንሠራ ነው።

በዚህ ሚዛን አካባቢያችንን እንይ። ቅል ከሐረግ ተቆርጦ ይደርቃል፣ ፍሬው ይወጣል፣ አለቀ፤ እሳትም ምድጃም አይፈልግም። ሲሰነጠቅ ይሰፋል፣ ሲያልቅ አፈር ይሆናል። ሐመሮች ቦርኮቶ የሚሉት በርኩማም ከአንድ ግንድ ይጠረባል፤ ሚስማርም ማጣበቂያም የለውም፣ ቀን መቀመጫ ሌሊት ትራስ ነው። ከቺፑድ የተሠራ ጠረጴዛ ግን የእንጨት ፍርፋሪና ሙጫ ድብልቅ ነው፤ ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ካበጠ ደግሞ አናጺም አያድነው።

የመኪና ጎማ ከባድ ጉዳይ ነው። ጎማ በድኝ ስለሚጠነክር እንደ ላስቲክ ቀልጦ ሌላ ዕቃ አይሆንም። ስለዚህ በረባሶ የሚሠራው ሰው ቆርጦ መጠቀሙ የድህነት ብቻ ሳይሆን የትክክለኛ ስሌት ውጤት ነው። ቤተልሔም ጥላሁን ከ20 ዓመት በፊት ገደማ በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሠፈር ሶልሬብልስን ስትመሠርት ከዚሁ በረባሶ ተነስታ ነው፤ ጫማው ውጭ አገር ድረስ ተሸጧል።

የድሮው ሁሉ ጥሩ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ሩቅ ሄዳ ውሃ የምትቀዳ እናት ከቅል ይልቅ ቢጫ ጀሪካን ብትመርጥ ልክ ናት፤ አይሰበርባትም፣ ዓመታትም ታገለግላታለች። ጥያቄያችን አንዴ ብቻ ስለሚያገለግለው ዕቃ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ የእናታችን መይሙና (ረ.ዐ.) ነፃ የወጣች አገልጋይ ከሶደቃ ያገኘቻት በግ ሞታ ሳለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አይተው በቆዳዋ ለምን እንዳልተጠቀሙባት ጠየቁ። የሞተች መሆኗ ሲነገራቸው የተከለከለው መብላቷ ብቻ እንደሆነ አስረዱ። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ጫማቸውን ራሳቸው ይጠግኑ እንደነበር ነግራናለች።

አሁን ወደ ራሳችን። ባለፈው ረመዷን ከጋራ ኢፍጣራችን በኋላ የተከመረውን የላስቲክ ኩባያና ሳህን ያነሱት ጥቂት እህቶችና ወንድሞች ናቸው፤ የተቃጠለው ደግሞ ከዶርም ጀርባ ነው፣ ሽታውን ሁላችንም ተራዊሕ ላይ አሽትተናል። የዘንድሮው ኢፍጣር ሳይደርስ ጀመዓው እንዲወስን የምንፈልገው ይህንን ነው፦ እያንዳንዳችን የራሳችንን ኩባያ እንያዝ፤ ሳህን ከመግዛት እንከራይ፣ በተራ እንጠብ። ለማጠብ ውሃ ያንሳል የሚል ሐሳብ ተነስቷል፤ ተገቢ ስጋት ስለሆነ ስሌት ይዛችሁ ኑ።

እስከዚያው አንድ ሙከራ፦ ባዶ ሃይላንድ ቆራርጡና ከክዳኑ ጋር ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሩት፣ በእጃችሁም ድፈቁት። የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰጥማል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ሁለቱ የተለያዩ ላስቲኮች ናቸው፤ መልሶ የሚጠቀምባቸው ፋብሪካም የሚለያቸው በዚሁ መንገድ ነው።