የተዳፈነ እሳትና የጠፋ መብራት
ስለ ቤት ሙቀት መቈጣጠሪያ አመራረጥ አጭር ትምህርት

ከግምጃ ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣን ተማሪዎች ስለ ሀገራችን ብርድ ስንናገር ጓደኞቻችን ይስቁብናል። «ሀገራችሁ ከምድር ወገብ ብዙ ሳይርቅ ምን ብርድ አለበት?» ይሉናል። ነገር ግን የአዊ ደጋ በክረምት እንዴት እንደሚበርድ የኖረበት ያውቀዋል። ጎረቤታችን እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አየሩም ከፍታው 1000 ሜትር በጨመረ ቍጥር በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት ቤት ማሞቅ ለእኛ የቅንጦት ነገር አይደለም፤ በተለይም ለሽማግሌና ለሕፃን።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ባለፈው ክረምት ለዕረፍት በሄድን ጊዜ ከመካከላችን በአንደኛው ቤት የደረሰው ነገር ነው። ለአያትዮዋ መኝታ ክፍል 2000 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተገዝቶ ነበር። ማሞቂያው አንድ የሚዞር ቍልፍና አንዲት ቀይ ጠቋሚ መብራት ብቻ ነበሩት። አንድ ምሽት ዝናብ የመታውን ጋቢ በወንበር ላይ አስጥተን ከማሞቂያው ፊት አቆምነው። ብዙ ሳይቈይ የመንደሩ ኤሌክትሪክ ተቋረጠ፤ ቀይዋም መብራት ጠፋች። በጨለማ ጥቂት ከተጨዋወትን በኋላ ሁላችንም ወደ መኝታችን ሄድን፤ የማሞቂያውን ቍልፍ ለመዝጋት ያሰበ ግን አልነበረም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ኤሌክትሪኩ ተመለሰ። አያትዮዋ የሚቃጠል ጨርቅ ሽታ ቀስቅሷቸው ባይጣሩ ኖሮ ጉዳቱ በአንድ ጋቢ ብቻ ባልቀረ ነበር።

በማግሥቱ ጧት የቤቱ እናት፥ «ልጆቼ፥ ሳትተኙ ማሞቂያው መጥፋቱን አላያችሁም?» አሉን። እኛም፥ «አይተናል፤ መብራቱ ጠፍቶ ነበር» ብለን መለስን። አያትዮዋ ግን ከምድጃው አጠገብ እንደ ተቀመጡ፥ «የተዳፈነ እሳት ጠፋ ይባላል እንዴ?» አሉ። ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍኖ ጧት ገልጦ የሚያያይዝ ሰው አመድ ስላየ ብቻ እሳቱ ጠፍቷል አይልም። እኛ ግን በዩኒቨርሲቲ የምንማር ሰዎች የጠፋች መብራት አይተን ማሞቂያው ጠፍቷል አልን። ከዚህ በኋላ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች መሆናችን ሳያግደን ነገሩን ከሥሩ ለማጥናት ቈረጥን። የተማርነውን ለጓደኞቻችን ማካፈል ይገባናል።

ቴርሞስታት ምንድር ነው?

ቴርሞስታት የሚለው ቃል ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው፤ አንደኛው «ሙቀት»፥ ሁለተኛው «የቆመ» ማለት ነው። ስለዚህ ቴርሞስታት ሙቀትን ባለበት የሚያቆም መሣሪያ ነው ልንል እንችላለን። በጣም የተለመደው ዐይነት የሚሠራው እንዲህ ነው። ሁለት ቀጫጭን የብረታ ብረት ዝርግ፥ ለምሳሌ ናስና ብረት፥ ጎን ለጎን ይጣበቃሉ። በሙቀት ጊዜ ናሱ ከብረቱ ይልቅ ይረዝማል፤ ነገር ግን አብረው የተጣበቁ ስለ ሆኑ ዝርጉ ወደ ብረቱ በኩል ይጐብጣል። በጐበጠ ጊዜ የኤሌክትሪኩን መንገድ ይቈርጣል፤ በቀዘቀዘ ጊዜ ተመልሶ ይገጥማል። በጆሮ የምንሰማው «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይህ ነው። በአዳዲሶቹ መሣሪያዎች ውስጥ በዝርጉ ፈንታ ሙቀት ሲለዋወጥ የኤሌክትሪክ መተላለፊያነቱ የሚለዋወጥ ትንሽ ዕቃ ይገኛል፤ ዓላማው ግን አንድ ነው።

ከታሪኩ በጣም ያስደሰተን አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1883 የኤሌክትሪክ ክፍል ቴርሞስታት የፈጠራ መብት ያገኘው ዋረን ጆንሰን በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት የመምህራን ማሠልጠኛ አስተማሪ ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት የክፍሎቹን ሙቀት ለማወቅ ዘበኛው በየክፍሉ እየገባ ማየት፥ ከዚያም ወደ ምድር ቤት ወርዶ ምድጃውን ማስተካከል ነበረበት። የጆንሰን መሣሪያ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ከታች ደወል ደውሎ ለዘበኛው የሚያስታውቅ ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ይህ መሣሪያ ሲጀመር ሥራው ማስታወቅ ነበር። ማብራቱና ማጥፋቱ ሳይቀር በሰው እጅ ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን መሣሪያው ብዙ ነገር በራሱ ይሠራል፤ የሚሠራውን ግን ብዙ ጊዜ አይነግረንም።

መብራቷ የተቀጠለችው የት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ጠቋሚ መብራት የምትናገረው ነገር በሽቦው መንገድ ላይ በተቀጠለችበት ቦታ ይወሰናል። ኤሌክትሪክ ከሶኬት ተነሥቶ በማብሪያ ማጥፊያው ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ቴርሞስታቱ፥ ከቴርሞስታቱም ባለ ሱቆች ሬዚስታንስ ወደሚሉት ወደሚግለው ሽቦ ይደርሳል። መብራቷ ከቴርሞስታቱ በፊት የተቀጠለች እንደ ሆነ «ኤሌክትሪክ አለ፥ ማብሪያውም ክፍት ነው» ትላለች እንጂ ማሞቂያው አሁን እየጋለ መሆኑን አትናገርም። ከቴርሞስታቱ በኋላ የተቀጠለች እንደ ሆነ ግን ሙቀት በሚጠየቅበት ጊዜ ትበራለች፤ የተፈለገው ሙቀት ሲሞላ ትጠፋለች። በብዙ የውሃ ማሞቂያ ቦይለሮች ላይ ያለችው መብራት ይህችኛዋ ናት።

ሁለተኛዪቱ መብራት የተሻለች ብትመስልም የራስዋ ጕድለት አላት። ስትጠፋ ከአራት ነገሮች አንዱን ልትል ትችላለችና። አንደኛ፥ ክፍሉ በሚበቃው መጠን ሞቋል። ሁለተኛ፥ አንድ ሰው ማብሪያውን ዘግቶታል። ሦስተኛ፥ ኤሌክትሪክ ተቋርጧል። አራተኛ፥ መብራቷ ራስዋ ተቃጥላለች። ከነዚህ ከአራቱ እውነተኛ መጥፋት ማብሪያው የተዘጋበት ብቻ ነው። የቀሩት ሁሉ አያትዮዋ እንዳሉት የተዳፈነ እሳት ናቸው።

ስትበራም ቢሆን ሙሉ እምነት አይጣልባትም። የሚግለው ሽቦ ቢበጠስ እንኳ መብራቷ በራስዋ መንገድ ኤሌክትሪክ ስለምታገኝ ትበራለች፤ ክፍሉ ግን አይሞቅም። በአዳዲሶቹ ቴርሞስታቶች መስታወት ላይ የሚታየው የነበልባል ምልክትም እንዲሁ ነው፤ መሣሪያው ሙቀት መጠየቁን ያሳያል እንጂ ሙቀት መገኘቱን አያረጋግጥም። መገኘቱን የሚያረጋግጠው የክፍሉን ሙቀት የሚለካው ተርሞሜትር ነው።

እንግዲህ መልካም መሣሪያ ሦስት ነገር ይነግረናል፤ ምን ያህል ሙቀት እንዳዘዝነው፥ ምን ያህል ሙቀት እንዳለ፥ አሁንም እየሠራ መሆን አለመሆኑን። ሄንሪ ድራይፈስ ቅርጹን ያወጣለትና ሃኒዌል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1953 ለገበያ ያቀረበው ክቡ የግድግዳ ቴርሞስታት ከነዚህ ሁለቱን፥ የታዘዘውንና ያለውን ሙቀት፥ በአንድ ክብ ላይ አጠገብ ለአጠገብ አሳይቷል። ተወዳጅ የሆነበትም አንዱ ምክንያት ማንም ሰው በአንድ እይታ ሊያነበው መቻሉ ነው።

ቍጥሩን ከፍ ማድረግ ያፈጥናልን?

በግድግዳ ቴርሞስታት አጠቃቀም ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። በብርድ ሀገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በመጀመሪያው ክረምት ከብርድ ሲገቡ ቍጥሩን እስከ 30 ዲግሪ ያዞሩታል፤ ቶሎ የሚሞቅ ይመስላቸዋል። የተለመደው ማሞቂያ ግን ወይ ይሠራል፥ ወይ አይሠራም። 20 ብንለውም፥ 30 ብንለውም እኩል ይሠራል፤ ልዩነቱ የሚያቆምበት ቦታ ብቻ ነው። ቍጥሩ ፍጥነት አይደለም፤ መድረሻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው መድረሻውን አርቆ ይተኛና በላብ ተጠምቆ ይነሣል፤ በወሩ መጨረሻም ሂሳቡን ይከፍላል።

የሂሳቡ ነገር በሀገራችንም ቀላል አይደለም። 2000 ዋት የሚስብ ማሞቂያ 3 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ቴርሞስታቱ የጊዜውን ግማሽ ቢያሳርፈው ግን 3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ወዲህ በየደረጃው ከፍ ብሏል፤ ብዙ የሚጠቀም ቤትም ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ መሣሪያው መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደሚያርፍ ማየት ለኪስም ይጠቅማል።

ስንገዛ ምን እንመልከት?

1ኛ. ሁለት ጠቋሚ መብራቶች ያሉትን እንምረጥ፤ አንደኛዋ ኤሌክትሪክ መኖሩን፥ ሁለተኛዋ ማሞቂያው እየሠራ መሆኑን የምታሳይ። ቀለማቸው ቢለያይ ይሻላል።

2ኛ. በሱቁ ውስጥ እናስሞክር። ቍልፉን ቀስ እያልን እናዙረው፤ «ቀጭ» ሲል የትኛዋ መብራት እንደምትበራ እንይ። ወደ ኋላ ስናዞረው የማትጠፋዋ መብራት ኤሌክትሪክ መኖሩን ብቻ የምትናገረው ናት።

3ኛ. እየሠራ ሳለ ከሶኬቱ ነቅለን መልሰን እንሰካው። ወዲያው በራሱ የሚነሣ እንደ ሆነ ኤሌክትሪክ ሄዶ ሲመለስም እንዲሁ ያደርጋል። አንዳንዶቹ ሰው እስኪነካቸው ድረስ ጠፍተው ይቈያሉ፤ ኤሌክትሪክ ለሚቋረጥበት ሀገር የሚሻሉት እነዚህ ናቸው።

4ኛ. ቴርሞስታቱ የሚችለውን አምፔር እናንብብ። በ220 ቮልት 2000 ዋት ወደ 9 አምፔር ይስባል። 3500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ግን ወደ 16 አምፔር ይደርሳል። ለትንሽ ማሞቂያ የተሠራውን ለምጣድ ማዋል መሣሪያውን ማቃጠል ነው።

5ኛ. በላዩ ላይ የሙቀት ልክ የማያሳይ እንደ ሆነ አንድ ተርሞሜትር ገዝተን ከማሞቂያው ራቅ አድርገን በግድግዳው ላይ እንስቀል።

6ኛ. የትኛውንም ብንገዛ ኤሌክትሪክ በጠፋ ጊዜ የማሞቂያውን፥ የካውያውንና የምጣዱን ሶኬት መንቀልን ልማድ እናድርግ። ልብስም ከፊቱ አናስጣ።

ምልክት የሌለው ሙቀት

ከላይ የጻፍነውን ያነበበ ሰው፥ «ለዚህ ሁሉ ጣጣ ከሰል አይሻልም ወይ?» ሊል ይችላል። በአዊ ከሰል ሩቅ አይደለም፤ በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዐይነት በማሳቸው ተክለው ከሰሉን እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይልካሉ። ነገር ግን ከማሞቂያዎች ሁሉ እጅግ የሚያታልለው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ የከሰል ፍም ነው። ብዙ ሰው ከሰሉ ውጭ ነድዶ፥ ጢሱ አልቆ፥ ፍሙ ከቀላ በኋላ ወደ መኝታ ቤት ቢገባ ጉዳት የለውም ይላል። ይህ አነጋገር ሕይወት ያጠፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዘኛ አየር ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከጢስ አልባው ቀይ ፍምም ይወጣል። በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይዞ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል።

የቀድሞው የሣር ክዳን ቤት አየር በየቀዳዳው ያስገባና ያስወጣ ነበር። ዛሬ በቆርቆሮ ተከድኖ፥ ኮርኒስ ተመቶለት፥ በሩና መስኮቱ በደንብ የሚገጥመው ቤት ግን ያንን አየር ያስቀራል። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች አብረው ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና ድካም ከተሰማቸው ምልክቱ ይኸው ነው፤ ምርመራ ሳይጠብቁ ወደ ውጭ መውጣት፥ ከዚያም ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። የተኛ ሰው ግን ይህን ምልክት ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ፍም ባለበት ክፍል አንተኛ፤ የምናውቃቸውንም ሁሉ እናስጠንቅቅ።

የጓደኛችን ቤተ ሰብ ከዚያ ሌሊት በኋላ ባለ ሁለት መብራት ማሞቂያ ገዝቷል፤ በግድግዳውም ላይ ተርሞሜትር ተሰቅሏል። አያትዮዋ ቍጥሩን አያነቡም። ነገር ግን ማታ ማታ ሳይተኙ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ አያልፉም፤ «መጥፋቱን በምን አወቃችሁ?» ይላሉ። ከልጆቹም አንዱ ተነሥቶ ሶኬቱን ይነቅልና የተነቀለውን ገመድ ያሳያቸዋል። ጓደኞቻችንም በዕረፍት ጊዜ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው እንዲገቡ አደራ እንላለን።