ስለ መበየጃ ጢስና ስለ እርሳስ ጉዳት

በጅማ መርካቶ ሬዲዮና የእጅ ስልክ በሚጠገንባቸው ጠባብ ሱቆች ብዙ ወጣቶች በጋለ መበየጃ ሠርተው እንጀራቸውን ያገኛሉ። ሙያው የተከበረ ነው፤ ነገር ግን ከመበየጃው ጫፍ የሚነሣውን ነጭ ጢስ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ የሚተነፍስ ሰው ጤናውን ቀስ በቀስ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን አደጋው ከወዴት እንደሚመጣና በምን እንደሚከለከል እናስረዳለን።

ብዙ ሰዎች ጢሱ የእርሳስ ጢስ ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም። የተለመደው የመበየጃ ሽቦ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል ሲሆን በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቅለጥ ይጀምራል። እርሳስ ግን የሚፈላው ከ1,700 ዲግሪ በላይ ስለ ሆነ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ በሚግል መበየጃ እምብዛም አይተንም። ለዓይን የሚታየው ጢስ በሽቦው ውስጥ ካለው የጥድ ሙጫ የሚወጣ ነው። ይህም ዓይንን ያስለቅሳል፥ ጉሮሮን ይከረክራል፥ ሲደጋገምም አስም ሊያመጣ ይችላል። አስሙ አንድ ጊዜ ከያዘ በኋላ ጥቂት ጢስ እንኳ ይቀሰቅሰዋል። ምልክቱ በሥራ ቀን ማታ የሚበረታ፥ በዕረፍት ቀን ግን የሚቀል ሳልና የትንፋሽ ማጠር ነው።

ታዲያ እርሳሱ በየት ይገባል? ከሁሉ ይልቅ በእጅ ነው። ሽቦውን የያዘ ጣት ሳይታጠብ ቆሎ ሲያነሣ፥ ጫት ሲቀነጥስ፥ ወይም ሽቦው በጥርስ ሲያዝ እርሳስ ወደ ሆድ ይወርዳል። ከዚያም በአጥንት ውስጥ እየተከማቸ የሆድ ቁርጠት፥ የደም ማነስና የነርቭ ጉዳት ያስከትላል። በልብስ ላይ ሆኖ ወደ ቤት የሚገባውም ለሕፃናት አእምሮና ለጽንስ እጅግ ጎጂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አለመታወቁን ያስተምራል።

መከላከያው የሚከተለው ነው፤

1ኛ፤ ራስን በጢሱ ላይ አለመድፋት፤ ትንሽ ማራገቢያም ጢሱን ከፊት ወደ መስኮት እንዲገፋ ማድረግ። በክረምት ዝናቡን ፈርቶ በርና መስኮት መዝጋት ጢሱን ማጠራቀም ነው።

2ኛ፤ በሻሽ ወይም በተራ የአቧራ ጭምብል አለመታመን፤ ከጢሱ ጋር ያለውን ጋዝ አያስቀርምና።

3ኛ፤ ከመብላት፥ ቡና ከመጠጣትና ጫት ከመቃም በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ።

4ኛ፤ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፤ የሥራ ልብስንም ለብቻው ማጠብ።

5ኛ፤ መበየጃውን ከሚያስፈልገው በላይ አለማጋል።

እርሳስ የሌለበት ሽቦም አለ፤ ይሁን እንጂ እርሱም ሙጫ ስላለው ጢሱ አይቀርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤና የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል።

መምህራን ሆይ፥ ከትምህርት በኋላ በእነዚህ ሱቆች የሚያግዙ ተማሪዎቻችሁን ይህን እንድታስተምሩልን አደራ እንላለን። ሳል የጸናበት ሠራተኛም ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ለሐኪሙ ይንገር፤ የሕመሙ ምክንያት የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነውና።